የአፍንጫ አለርጂ ሲቆይ አስም ይሆናል?

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሃይስኩል ጀምሮ ጠዋት ስነሳ ሳላቋርጥ ያስነጥሰኛል፣ አፍንጫዬ ይታፈናል፣ ዓይኔን ያሳክከኛል። ሁሌም ‹ሳይነስ ነው› ነው የሚሉኝ። የአፍንጫ ጠብታ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ሳሉ ወር ይቆያል፤ ሌሊት ደረቴ ሲር ሲር ይላል። ጤና ጣቢያ ስሄድ ‹አስም ነው› ብለው ፓፍ ሰጡኝ። ሰዎች ግን ‹ፓፍ ከጀመርሽው አይለቅሽም፣ ልብ ያደክማል› እያሉ አስፈሩኝ። የስድስት ዓመት ልጄም ሕፃን ሳለ ችፌ ነበረበት፤ አሁን አፍንጫውን ሲያሽ ነው የሚውለው። አለርጂው ወደ ሳንባዬ ወርዶብኝ ነው? ልጄስ እንደኔ ይሆናል?»

መልስ፦

መጀመሪያ አጭሩን ልበል። አዎ፣ የአፍንጫዎ አለርጂና የደረትዎ ችግር ይገናኛሉ። ግን ከአፍንጫዎ ተነስቶ ወደ ሳንባ የፈሰሰ ነገር የለም። ያው አንዱ የሰውነት መቆጣት መጀመሪያ አፍንጫ ላይ ታየ፤ ከዓመታት በኋላ የአየር ቧንቧ ላይም ታየ። ልጅዎ በአስም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ልጅ ከፍ ይላል እንጂ ያለቀለት ነገር አይደለም። ፓፉም ሱስ አይሆንም። አሁን ረጋ ብለን እንየው።

ከ«ሳይነስ» ልጀምር። እኛ አገር አፍንጫው የታፈነ ሰው ሁሉ ሳይነስ አለበት ይባላል። እውነተኛው ሳይነስ ግን በፊት አጥንት ውስጥ ያሉት ክፍት ቦታዎች ሲቆጡ የሚመጣ ነው። ፊትን ይጫናል፣ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ ያመጣል፣ ሽታ ያጠፋል። እርስዎ የነገሩኝ ደጋግሞ ማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክና የጠዋት መታፈን ነው። ይህ የአፍንጫ አለርጂ መልክ ነው። ሳይነስ የተባለ ሰው በየጊዜው አሞክሳሲሊን ሲውጥ ይከርማል። አለርጂን አሞክሳሲሊን አይነካውም። ሰውየው በራሱ ጊዜ ሲሻለው መድኃኒቱ ያዳነው ይመስለዋል፤ በሚቀጥለው መስከረም ደግሞ ያንኑ ይገዛል።

ከአፍንጫ ቀዳዳ እስከ ሳንባ ውስጥ ቀጫጭን ቧንቧዎች ድረስ ያለው መንገድ አንድ ነው። የሚሸፍነውም ስስ ሽፋን በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት፣ ሌላውን ሰው የማይጎዳውን ነገር እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮች፣ የሣር ብናኝ፣ የድመት ፀጉር፣ የበረሮ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ያመርትለታል። ያ ነገር ሲነካው ማስት ሴል የሚባሉት ሴሎች ሂስታሚን ይለቃሉ። ማስነጠሱና ማሳከኩ በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣው በዚህ ነው። ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ሴሎች ይመጣሉ፤ መታፈኑን የሚያቆዩት እነሱ ናቸው።

እነዚህ ሴሎች የሚመረቱት አጥንት መቅኔ ውስጥ ነው፤ የሚጓዙትም በደም ነው። ስለዚህ አፍንጫ ላይ ብቻ ታጥረው አይቀሩም። በ2000 አካባቢ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ አሳይተዋል። የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸው፣ አስም ግን የሌለባቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ ትንሽ የሣር ብናኝ ጨመሩ። የሰዎቹ አፍንጫም ተቆጣ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ብናኙን አፍንጫ ላይ ብቻ አደረጉ፤ ከሳንባ በተወሰደው ናሙና ላይ የመቆጣት ምልክት ታየ። አስም ሳይኖር ማለት ነው። የእርስዎም የአየር ቧንቧ ሲር ሲር ማለት ሳይጀምር ለዓመታት በትንሹ ተቆጥቶ ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አፍንጫ ሲታፈን ደረት ደግሞ ለምን ይጠብባል? የአፍንጫ ውስጥ ሽፋን በደም ሥር የተሞላ ነው፤ ሲቆጣ ያብጣል። የሳንባ ቧንቧ ዙሪያ ግን ጡንቻ አለ፤ ሲቆጣ ጡንቻው ይጨመቃል። ቁጣው አንድ ዓይነት ቢሆንም የሚሰማን ነገር የሚለያየው ለዚህ ነው። ሌላም አለ። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያስቀራል። አፍንጫው የታፈነ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በአፉ ይተነፍሳል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ይገባል። የአዲስ አበባን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እያሰቡ ያንብቡት።

ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳይመስልዎት። ጆን ቦስቶክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1819 የራሱን የአፍንጫ አለርጂ ለሕክምና ማኅበር ሲተርክ፣ ከዓይን ማሳከኩና ከማስነጠሱ ጋር የደረት መጥበብንና የትንፋሽ ማጠርን አብሮ ዘርዝሯል። በኋላ ሕክምናው በስፔሻሊስት ተከፋፈለና አፍንጫው ወደ አንዱ ክፍል፣ ሳንባው ወደ ሌላው ሄደ። ሁለቱን መልሶ ያገናኘ ዓለም አቀፍ መመሪያ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በመተባበር የተዘጋጀው በ1999 ነው፤ የታተመው በ2001 ነው። መልእክቱ ቀላል ነው፦ የአፍንጫ አለርጂ ያለበትን ሰው ስለ ደረቱ ጠይቁ፤ አስም ያለበትን ሰው ስለ አፍንጫው ጠይቁ። እኔ እንደማየው ይህ ጥያቄ ዛሬም በቂ ጊዜ አይጠየቅም። እርስዎንም ጤና ጣቢያው ፓፍ ሲሰጥዎት ስለ አፍንጫዎ የጠየቀዎት ያለ አይመስልም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጊዜው እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ የብራውን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ለ23 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ፤ በ1994 ታትሟል። ሲጀመር የአፍንጫ አለርጂ ከነበረባቸው 10.5 በመቶው በኋላ አስም ያዛቸው። አለርጂ ካልነበረባቸው የያዘው 3.6 በመቶውን ነው። አውሮፓ ውስጥ በ14 አገሮች ከ6,400 በላይ ሰዎችን ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የተከታተለው ሌላ ትልቅ ጥናት በ2008 ወጣ። እዚያም የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ሰው አስም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው 3.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው፣ አለርጂ ሳይኖርበት አፍንጫው ብቻ በተደጋጋሚ የሚቆጣ ሰውም ዕድሉ ወደ 2.7 እጥፍ ይደርሳል። በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ደሴት ላይ ደግሞ በ1961 የተወለዱ ልጆችን እስከ 44 ዓመታቸው የተከታተሉ ሰዎች፣ በልጅነት የታየ የአፍንጫ አለርጂ በጎልማሳነት የሚመጣን አስም ቀድሞ እንደሚጠቁም አይተዋል። እርስዎ እዚህ ውስጥ ነዎት፦ በአሥራዎቹ አፍንጫ፣ በሠላሳዎቹ ደረት።

እነዚህን ቁጥሮች ሲያዩ ግን አይደንግጡ። የብራውኑን ገልብጠው ያንብቡት፤ አለርጂ ከነበረባቸው ወደ 90 በመቶው በ23 ዓመት ውስጥ አስም አልያዛቸውም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት የአፍንጫ አለርጂ ካለባቸው ሰዎች ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት አስም እንዳለባቸው ነው። ከአስም በኩል ሲታይ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ከአስም ሕሙማን አብዛኞቹ፣ በብዙ ጥናት እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት፣ የአፍንጫ ችግርም አለባቸው። ስለዚህ አፍንጫው የታመመ ሁሉ አስም አይዘውም፤ አስም የያዘውን ሰው አፍንጫ ግን ሳያዩ ማለፍ አይገባም።

ለምን አሁን? ለምን በ25 ዓመትዎ አልሆነም? በትክክል ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ሁለት ነገር ግን ላስታውስዎት። በልጅነት አስም ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ከጉርምስና በኋላ ወደ ሴቶች ይዞራል፤ ሆርሞን እጁ እንዳለበት ይታመናል። ሁለተኛው ጉንፋን ነው። የተቆጣ የአየር ቧንቧ ላይ የጉንፋን ቫይረስ ሲጨመር ሁለቱ ይባባሳሉ። ሌላው ሰው በሳምንት የሚገላገለው ጉንፋን እርስዎ ላይ ወር የሚቆየው ምናልባት በዚህ ነው። «ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ወር እስላለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ሌላ ምልክት ሳይጨምር ስለ አስም አስባለሁ።

የአገራችንን ነገር ካነሳን ጅማን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1997 የታተመ ጥናት ጅማ ከተማና ዙሪያው ገጠር ውስጥ ከ12,000 በላይ ሰዎችን ጠይቋል። የደረት ሲር ሲር ማለት በከተማው 3.7 በመቶ፣ በገጠሩ 1.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከተማው ውስጥ ለአቧራ ተባይ አለርጂ መሆን ከአስም ጋር ተያይዞ ታየ፤ ገጠሩ ላይ ግን እንዲህ አልሆነም። አንዱ መላ ምት የሆድ ትላትል ነው፤ በተለይ መንጠቆ ትል ሰውነትን ያለዝበዋል የሚል ነው። (ትል እንዋጥ ማለቴ አይደለም፤ የጠየቁኝ ሰዎች ስላሉ ነው።) ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ያጠኑ ሐኪሞች በ1999 ባወጡት ጽሑፍ አስም ከተጠበቀው በላይ በዝቶ ማግኘታቸውን ገልጸዋል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶችዎን ይጠይቁ። «ስመጣ ደህና ነበርኩ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሚያዝያ በገባ ቁጥር ዓይኔ ያብጣል» ይሉዎታል። እዚያ በሚያዝያ የኦክ ዛፍ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል፤ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ራግዊድ የሚባለው አረም ይነሳል። ሰውነት ለአዲስ ብናኝ አለርጂ እስኪሆን ጥቂት ወቅት ይፈልጋል። በነገራችን ላይ፣ እርሻችንን የወረረው ቅንጨ አረም የራግዊድ ዘመድ ነው፤ ቆዳም አፍንጫም ይቆጣል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ጤና ጣቢያው አስም ነው ማለቱ ያስኬዳል፤ ግን መረጋገጥ አለበት። እኛ አገር ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ መጀመሪያ የአክታ ምርመራ ተደርጎ ቲቢ አለመሆኑ ይታያል። ማታ ማታ የሚያልብዎት፣ የሚከሱ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ያለዎት ከሆነ ይህ አይታለፍ። የልብ ቫልቭ ችግርም ትንፋሽ ያሳጥራል። አስም መሆኑን የሚያረጋግጠው ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የትንፋሽ መለኪያ ምርመራ ነው፤ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ይገኛል። ካልተገኘ ፒክ ፍሎው ሜትር የሚባል ርካሽ የፕላስቲክ መሣሪያ አለ፤ በኃይል ሲነፉበት ቁጥር ያሳያል። ጠዋትና ማታ ለሁለት ሳምንት ነፍተው ቁጥሩን በደብተር ይጻፉ። አስም ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጠዋት አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል።

ስለ ፓፍ የሚወራውን ላስተካክል። ፓፍ ሲባል ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰዉ ግን አንድ አድርጎ ያወራል። አንደኛው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው፣ ሳልቡታሞል ነው፤ ቬንቶሊን በሚለው ስሙ ይታወቃል። የተጨመቀውን ጡንቻ በደቂቃዎች ያላላል፤ ቁጣውን ግን አያበርድም። ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ ቡናማው፣ ቤክሎሜታሶን ወይም የመሰለው ነው። ይህ ቁጣውን ያበርዳል፤ ግን በየቀኑ መወሰድ አለበት፤ ውጤቱም ቀናት ይፈልጋል። «ፓፍ ከጀመርሽው አይለቅሽም» የሚባለው የሚመስለኝ ሰማያዊውን ብቻ ከሚጠቀሙ ሰዎች የመጣ ነው። ቁጣው ሳይነካ ስለሚቀር ፓፉን ደጋግመው ይፈልጉታል፤ ሰው ደግሞ ሱስ አድርጎ ያየዋል። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ በ2019 ሳልቡታሞልን ብቻውን መጠቀም እንዲቀር መክሯል። በዓመት ሦስት የሳልቡታሞል ፓፍ ከጨረሱ አስምዎ አልተያዘም ማለት ነው። ስለዚህ የተሰጠዎት የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ። ሰማያዊው ብቻ ከሆነ ተመልሰው ይጠይቁ።

«ቡናማው ስቴሮይድ አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ነው። ግን መጠኑን ይዩት። የሚዋጠው ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ አንዱ ኪኒን 5 ሚሊግራም ነው። አንድ ፓፍ ቤክሎሜታሶን ብዙ ጊዜ 50 ወይም 100 ማይክሮግራም ነው፤ በክብደት ቢያንስ 50 እጥፍ ያነሰ። የመድኃኒቶቹ ጉልበት ስለሚለያይ በክብደት ማወዳደሩ ሙሉ አይደለም፤ ቢሆንም ኪኒኑ በደም መላ ሰውነት ሲዞር ፓፉ የሚሠራው ቧንቧው ላይ ነው። ከወሰዱ በኋላ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ይወጣል፣ ድምፅም ይሻክራል።

አፍንጫውስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚቀረን። የአፍንጫ አለርጂ በደንብ ሲታከም አስሙን መቆጣጠር ይቀላል፤ ለድንገተኛ ክፍል የመዳረግ ነገርም ይቀንሳል። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ስቴሮይድ ነው፤ ፍሉቲካሶን፣ ቤክሎሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ የተገኘው ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ካልሠራ ብለው አይጣሉት፤ ሁለት ሳምንት ይስጡት። አነፋፉ ራሱ ወሳኝ ነው። ትንሽ ጎንበስ ይበሉ፤ በቀኝ እጅዎ የግራውን አፍንጫ፣ በግራ እጅዎ የቀኙን ይርጩ። ጫፉ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይሁን፤ ወደ መሃሉ ግድግዳ ከሆነ ያደማል። አጥብቀው አይሳቡት፤ ከሳቡት ጉሮሮ ይገባል፣ ለአፍንጫው ምንም አይተርፈውም። ሴቲሪዚን ወይም ሎራታዲን ማስነጠሱንና ማሳከኩን ይረዳል፤ መታፈኑን ግን እምብዛም ነው። እንቅልፍ የሚያመጣውን የድሮ ክሎርፌኒራሚን ቢተዉት ይሻላል።

አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብም ርካሽና ጥሩ ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ሩብ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ከቧንቧ የተቀዳ ያልፈላ ውሃ አይጠቀሙ።

ከቦርሳዎ ስለማይጠፋው ጠብታ ግን አጥብቄ እነግርዎታለሁ። እነዚያ ወዲያው የሚከፍቱ ጠብታዎች፣ ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን፣ የአራጣ ብድር ናቸው። ዛሬ ይከፍቱልዎታል፤ ነገ ከነወለዱ መልሰው ይደፍኑታል። ከአምስት ቀን በላይ መጠቀም አፍንጫውን ራሱን ያሳምማል። አሁን ያለብዎት መታፈን ገሚሱ የጠብታው ሥራ ሊሆን ይችላል። ስቴሮይዱን ይጀምሩና ጠብታውን መጀመሪያ በአንዱ አፍንጫ፣ ከሳምንት በኋላ በሌላው ያቁሙ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ፤ ያልፋል። አንዳንድ ቦታ «ለሳይነስ» እየተባለ በየጊዜው የሚሰጠውን የስቴሮይድ መርፌም አይውጉ። ደስ የሚል እፎይታ አለው፤ ሲደጋገም ግን ስኳር፣ የአጥንት መሳሳትና የደም ግፊት ያስከትላል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ወስደው ደረትዎ የጠበበበት፣ አፍንጫዎ በድንገት የፈሰሰበት ጊዜ አለ? በጎልማሳነት አስም ከጀመራቸው ሰዎች አንዳንዶቹ፣ በተለይ አፍንጫቸው ውስጥ ፖሊፕ የሚባል ለስላሳ እብጠት ያለባቸውና ሽታ የጠፋባቸው፣ እነዚህ ማስታገሻዎች ከባድ አስም ያስነሱባቸዋል። ካለ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይጠቀሙ፤ ለሐኪምም ለፋርማሲም ይንገሩ። ለደም ግፊትና ለልብ ምት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ላድርግ ካሉ፣ አለርጂን እና ጭስን ለይተው ይያዙ። በርበሬ ሲደለዝ ሁሉም ያስነጥሰዋል፤ ይህ አለርጂ አይደለም፣ የተቆጣውን ቧንቧ የሚነካካ ነገር ነው። የቡና መቁያ ጭስ፣ እጣን፣ ከሰል፣ በረኪና እንዲሁ። ቡናውን ራሱን ይጠጡ፤ ካፌይን እንዲያውም ቧንቧን በጥቂቱ ያላላል። ቆልቶ ማጫጨሱን ግን በር ከፍተው ወይም ደጅ ያድርጉት። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሲቃጠል የሚነሳው ጭስ ለእርስዎ ክፉ ቀን ነው፤ በርና መስኮት ዘግተው ይዋሉ፣ ፓፉ አጠገብዎ ይኑር። ዐረብ አገር በቤት ሠራተኛነት ያሉ እህቶቻችን በረኪናና የመስታወት ስፕሬይ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲጠቀሙ ደረታቸው እንደሚጠብ ይነግሩኛል፤ ይህ በጽዳት ሠራተኞች ላይ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። የአቧራ ተባይ ደግሞ የሚኖረው ፍራሽ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚብስብዎት ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲተነፍሱ ስለሚያድሩ ነው። አንሶላውንና የትራስ ልብሱን በየሳምንቱ በጣም ሙቅ ውሃ፣ 60 ዲግሪ ገደማ፣ ይጠቡ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ያለውን ምንጣፍ ያውጡ። ውድ የአየር ማጣሪያ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ።

ልጅዎን በተመለከተ። ሕፃን ሳለ ችፌ፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ አንዳንዱ ላይ አስም፤ ይህ ቅደም ተከተል በሕክምናው የታወቀ ነው። ግን ብዙ ልጆች መሃል ላይ ያቆማሉ፤ ችፌ የነበረበት ሁሉ ጉዞውን አይጨርስም። የእናት አለርጂ ዕድሉን ይጨምራል። አሁን የሚያዩት አፍንጫውን ወደ ላይ ማሸት፣ ከዓይኑ ሥር ጥቁረት፣ አፉን ከፍቶ መተኛት ነው። ለደረቱ ደግሞ ይህን ይጠብቁ፦ ሲሮጥ ወይም ሲስቅ የሚያስለው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ሳል፣ ከጓደኞቹ ቀድሞ መድከም። ካለ ያሳዩት። ቤት ውስጥ ማንም አያጭስ፤ ይህ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ይመጣል።

የአፍንጫ ስፕሬይ አስም እንዳይመጣ ይከላከላል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ የሚሰጠው አፍንጫውን ለማዳንና ልጁ ተኝቶ እንዲያድር ነው። አስምን ስለ መከላከል ጥሩ ተስፋ የሰጠው ሌላ ሕክምና ነው፤ አለርጂ የሆነውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ለሦስት ዓመት እየሰጡ ሰውነትን ማላመድ። አውሮፓ ውስጥ የብናኝ አለርጂ ያለባቸው ከ6 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች በመርፌ ተሰጥቷቸው፣ ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በኋላም አስም የያዛቸው ካልታከሙት ያነሱ ነበሩ። ከምላስ ሥር በሚደረግ ኪኒን የተሞከረው ትልቁ ጥናት ግን አስምን በማዘግየቱ ረገድ የታሰበውን ግብ አልመታም፤ የአስም ምልክቱን ግን ቀንሷል። ይህ ሕክምና አገራችን ውስጥ በቀላሉ አይገኝምና ለእሱ ብለው ዕዳ አይግቡ።

ለልጁ አንድ ቀን ፓፍ ከታዘዘ ደግሞ ያለ ስፔሰር አይስጡት። ስፔሰር ፓፉን ከአፍ ጋር የሚያገናኝ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ካልተገኘ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሠራል። ቂጡ ላይ የፓፉን አፍ የሚያህል ቀዳዳ ይበጃል፣ ዙሪያው በማጣበቂያ ይደፈናል፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ውስጥ በ1999 ከተገዛው ስፔሰር ጋር አወዳድረውት ልክ እንደሱ ሠርቷል።

ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጡትን ምልክቶች ይያዙልኝ። ትንፋሽ አጥሮ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ወይም ሰማያዊው ፓፍ የሰጠው እፎይታ አራት ሰዓት ሳይሞላው ካለቀ ጠዋት እስኪሆን አይጠብቁ። ፓፉን ይዘው፣ በመንገድም እየወሰዱ፣ ወዲያው ይሂዱ።

ለቀጠሮዎ ሲሄዱ ፓፉን፣ የአፍንጫ ጠብታውንና ቤት ያለውን ኪኒን በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ፓፉን ሐኪሙ ፊት ይውሰዱት፤ ብዙ ሰው አወሳሰዱን ይሳሳታል፣ ሐኪሞችም ሁልጊዜ አናይም። አፍንጫዎን ካልጠየቀዎት ደግሞ እርስዎ ይጀምሩለት፦ «ከሃይስኩል ጀምሮ አለርጂ አለብኝ፤ ሁለቱን አብረው ይዩልኝ» ይበሉት።